ሱራ ያረዳት ፍየል

ፍየል አርቢው ጋልማ የሰደበኝ በእኛ አቆጣጠር በ2004፣ በመስከረም፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከአገሬ ድንበር ማዶ፣ አሁን በምኖርበት በሄሉ ከብት ገበያ ላይ ነው። ሁለት ደላሎች ተጣልተው ልገላግል ገባሁ። ደረቴን ገፍቶ፣ «አንተ መጤ፣ ዞር በል! እዚህ ሽማግሌ ጠፍቶ ነው?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዶሮ ሻጯ ሳትቀር ሳቀች።

ባለፈው ቅዳሜ የሱን ፍየል ሥጋ ቤቴ ደጃፍ ላይ ሞተር ገጫት። የሚጠብቃት ልጁ ሊበን፣ የበረገጉትን ሌሎቹን ሊመልስ ሮጧል። ፍየሏ ስትንፈራገጥ የእህቴን ልጅ ሱራን አሳዘነችው። ከፍቼ ከተማ ከመጣ ገና አምስት ወሩ ነው። ሞታ ሳትባክንባቸው ብሎ ቢላ ይዞ ወጣና በስመ አብ ብሎ አረዳት። እስላም ክርስቲያን ያረደውን እንደማይበላ ያኔ ትዝ አላለውም።

«ሰሊም ነው ያረዳት በል!» አልኩት። ሰሊም ማዶ ያለው እስላም ሥጋ ሻጭ ነው።

«ጋሼ፣ ሳያውቁ ሊበሏት?»

«ይብሏቷ! አንተ ምን አገባህ?»

እውነቱን ልናገር፣ ጋልማ ሲጎርሳት ታይቶኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሊበን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተመለሰ። እዚሁ የተወለደ፣ የሱራ እኩያ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመቱ። ኳስ አብረው ይጫወታሉ።

«ማነው ያረዳት?»

«እኔ» አለ ሱራ።

ሊበን አፉን በቡጢ አለው። «አባቴ ሊገለኝ ነው! ሐበሻ ሁላ!» ጓደኞቹ ሆዱን በእርግጫ ነረቱት። ጥርሱ ወለቀ። ሱራ እጁን እንኳ አላነሳም።

ዱላዬን ይዤ ወጣሁ። የጋልማ ልጅ መሆኑ ብቻ ነው የታየኝ፤ ግንባሩን ፈነከትኩት። ጓደኞቹ ፈረጠጡ። ወድቆም ደገምኩት፤ ትከሻው ሲሰበር ሰማሁ። ስሰልስ ሱራ ላዩ ላይ ተደፋ፣ ዱላው ጀርባው ላይ አረፈ።

«ይበቃዋል ጋሼ!»

«ተነስ! ጥርስህን ያወለቀውን?»

«ፍየላቸውን አበላሽቼባቸው እኮ ነው!»

ሊበን አንድ ክንዱ እንደተንጠለጠለ ተቀመጠ። «ሱራ፣ እስላም አረዳት ብትለኝ አምንህ ነበር» አለ። «ቤታችን ወስጄ አበላቸው ነበር።»

«ጋሼም እንደሱ በል ብሎኝ ነበር» አለ ሱራ፤ ብሎም አፉን ያዘ።

ሊበን በደም በተሞላ ዓይኑ አየኝ። «ጋሽ አሰግድ፣ እናቴ ምን በደለችህ? ትንሿ እህቴስ?»

መንገደኛው ተሰብስቦ አፌን ያያል። ሱራ ሸሚዙን ቀዶ የሊበንን ግንባር ያስራል፤ ወደኔ ቀና አላለም። ዱላውን እዚያው ጣልኩና ወደ ጋልማ ቤት በሚወስደው በኦዳ መንገድ ሄድኩ።