እስክወርድ ያዝልኝ

«አላደርጋትም አልኩህ እኮ። ጣውንቴን በገዛ እጄ ላይ አስሬ ልዙር?»

«ለጥቂት ቀን ነው። ጀሶው እስኪወልቅ።»

«ጀሶው ሲወልቅስ? ተመልሳ ካንተ ጋር ልትተኛ ነዋ። በዚህ አልጋ ላይ ሦስት ሆነን ማደር ከጀመርን ስንት ጊዜያችን ነው?»

አናጢው ባሏ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ቀኝ ክንዱ በጀሶ ተጠቅልሎ ከአንገቱ ተንጠልጥሏል። በግራ መዳፉ የያዛትን የእጅ ሰዓት ወዲያና ወዲህ ይነቀንቃታል። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው፣ ሲነቀንቃት ነው የዋለው። ሚስቱ ከዳቦ ቤት ይዛው የመጣችውን ዱቄት የጠገበ ሽርጥ በር ላይ እያራገፈች በጎን ታየዋለች።

ሰዓቷ አውቶማቲክ ናት። ባትሪ የላትም፤ በጎኗ ያለችው ትንሽ ቁልፍም ጊዜ ለማስተካከል እንጂ ለመሙላት አትሆንም። የሚሞላት የሰው እጅ ነው። እጅ ሲሠራ ትሠራለች፤ እጅ ሲያርፍ ጥቂት ታግሣ እሷም ታርፋለች። መላጊያ ይዞ ለሚውል አናጢ እንዲህ ያለ ሰዓት ተገኝቶም አይገኝ። አሁን ግን ሰውየው ከጣውላ ክምር ላይ ተንሸራቶ ክንዱ ተሰብሯል፤ በግራው ቢያስራትም ሥራ የፈታ እጅ አይሞላትም። ትናንት ሲያያት ወደ ኋላ መቅረት ጀምራለች። ሚስቱ ደግሞ ሊጥ አቡኪ ናት። ክንዷ ከንጋት እስከ ቀትር አያርፍም።

«እምቢ ካልሽ ትቆማለች» አላት።

«ትቁማ። ሰዓት ይቆማል፤ ሲነኩት ደግሞ ይነሣል። ሰው አይደለች።»

«ጋሼ እስክወርድ ያዝልኝ ነው ያለኝ።»

እዚህች ቃል ላይ ሲደርሱ ጠቡ ሁልጊዜ ይሞታል። ጋሼ የሚለው ታላቅ ወንድሙን ነው። እናት አባታቸው ካለፉ በኋላ ያሳደገውም፣ መዶሻ ያስጨበጠውም እሱ ነበር። አብረው ሲሠሩ ታላቅየው ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ታናሽየው ከታች ጣውላ ይልጋል። የመዶሻ ንዝረት ሰዓት ይገድላል ብሎ ስለሚያምን፣ ጋሼ ምስማር ከመምታቱ በፊት ያወልቃትና ከመሰላሉ ሥር ለወንድሙ ያቀብለዋል፤ «እስክወርድ ያዝልኝ» ይላል። ያን ቀንም ይህንኑ ብሎ ወጣ። ከዚያ ጣሪያ ግን በመሰላል አልወረደም። ሬሳውን ሲያነሡት ሰዓቷ በታናሽየው እጅ ላይ ትሄድ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ ቆማ አታውቅም። የቆመች ቀን ጋሼ ደግሞ የሞተ ይመስለዋል፤ ያኔ ደግሞ ገዳዩ እሱ ራሱ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጣሪያቸውም ይንኳኳል። አናጢው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ከቆርቆሮው ላይ የመዶሻ ምት ይሰማዋል፤ ሁለት ቀለል፣ አንድ ጠበቅ። ጋሼ ምስማር የሚመታው እንደዚያ ነበር። ሚስቱ «ቆርቆሮ ፀሐይ ሲነካው ይንቋቋል፤ አናጢ ሆነህ ይሄ ጠፋህ?» ትለዋለች። እሱም «ልክ ነሽ» ይላታል። ደመና በዋለበት ቀን ሲሰማው ግን አይነግራትም።

በማግስቱ ጠዋት መላጊያውን በግራ እጁ ይዞ፣ ጣውላውን በጉልበቱ ተጭኖ ሲታገል አገኘችው። ሰዓቷን አስሯታል።

«አምጣት እስቲ» አለች፤ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ እጇን ዘረጋችለት። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው ያንተ ነገር። የቀረህን እጅ ደግሞ ልትቆርጠው ነው።»

«ሊጥ እንዳይገባባት።»

«ከገባባት ጋግሬ አመጣልሃለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ሽርጧን አላራገፈችም። እንደታጠቀች በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ሰው ከኋላዬ ቆሞ ዋለ።»

«ማን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ዞር ስል የለም፤ ሊጡ ላይ ጎንበስ ስል ይመጣል። አብራኝ የምታቦካዋ ‹አበዳሪሽ መጣ እንዴ› እስክትለኝ ድረስ ስገላመጥ ዋልኩ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የተቆጣ አይደለም ደግሞ። ምሳ የዘገየበት ሰው አይተህ አታውቅም? ልጠይቅ፣ አልጠይቅ እያለ እግሩን የሚቀያይር? እንደዚያ ነው።»

ሰማዩ ከማለዳ ጀምሮ እንደተከደነ ነበር። ከቆርቆሮው ላይ ሁለት ቀለል፣ አንድ ጠበቅ ያለ ምት መጣ። እሷም ቀና አለች። ስለ ፀሐይ ምንም አልተናገረችም።

«ጣሪያ ላይ ሆኖ ሰዓት መድረሱን በምን ያውቅ ነበር?» አለችው። «ሰዓቷ እንደሆነች አንተ ጋ ናት።»

«እኔ ነኛ የምጠራው። ‹ጋሼ፣ ሰዓት ደርሷል፣ ውረድ› እለዋለሁ። ካልጠሩት እንኳን ረሃብ፣ ዝናብም አያወርደው።»

«ያን ቀንስ ጠራኸው?»

አናጢው የጀሶውን ጫፍ በጥፍሩ ሲፍቅ ቆየ። «አልደረሰማ» አለ በመጨረሻ። «ገና ነበር።»

«ኋላስ?»

«የወደቀ ሰው ውረድ ይባላል እንዴ?»

«እኔ እንጃ። አንተ ግን ያዝልኝ ያለህን ይዘህ ቀረህ። ውረድ ማለቱም ያንተ ሥራ ነበር።»

«ከወረደ ይሄዳል።»

«ይሂዳ። እስከ መቼ ነው ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት እዚያ የሚቀመጠው?»

ሰዓቷን ከእጇ ፈታ ሰጠችው። ሲለጠጥና ሲጨመቅ የዋለ ክንድ ስለሞላት፣ ትርታዋ ደህና ነበር። አናጢው ወደ ጓሮ ወጣ። መሰላሉ እንደወትሮው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሥሩ ቆሞ ወደ ላይ አንጋጠጠ። ልክ ሥራ ቦታ እንደሚጣራው አድርጎ ተጣራ።

«ጋሼ። ሰዓት ደርሷል። ውረድ።»

ላይ ምንም አልነበረም። ከቆርቆሮው በላይ ያለው ግራጫ ሰማይ ብቻ። ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ሰዓቷን በመሰላሉ የታችኛው እርከን ላይ አሰራት፤ ጋሼ ይወደው እንደነበረው ማሰሪያውን ላላ አድርጎ።

ሲገባ ሚስቱ ሻይ ጥዳለች። ፊት ለፊት ተቀመጡ። ግራ እጁ ባዶ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ አይነቀነቅም። ውጭ መሰላሉ ከላይ ጀምሮ እርከን በእርከን፣ ሳይቸኩል፣ ሲጢጥ አለ። ከታች ሲደርስ ጥቂት ጸጥ አለ። ቀጥሎ የግቢው በር ተከፈተ፤ ተመልሶም ተዘጋ።

«ስኳር ልጨምርልህ?» አለችው።

«ትንሽ» አላት።