ሁለት ቦታ የተቆረጠው ቀንበር

«ይቺስ ምንድን ናት፣ እማዬ?»

ልጅቷ ዕቃ ቤቱን እያራገፈች ነበር። ለቅሶ ደራሹ በዝቶ በረንዳው አልበቃ ስላለ እዚያም ወንበር ሊደረደር ነው። ነርስ ሆና ከተማ ከገባች ወዲህ የእርሻ ዕቃ ስም ጠፍቶባታል።

«ላይዳ ናት። እህል በንፋስ የምናዘራባት» አለች እናትየው።

ባሏ ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ ነው። እስካሁን እንባ ጠብ አላላትም። ሴቶቹ «ምነው እንዲህ ደረቀች?» እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰምታለች። ምን ታድርግ? እምቢ አላት።

ልጅቷ ከጥግ ረጅም እንጨት ጎትታ አወጣች።

«ይሄንንስ አውቀዋለሁ፤ ቀንበር ነው። ግን አበላሽተውታል። ሞፈሩ የሚታሰረው መሐሉ ላይ አይደል? ይሄ ሁለት ቦታ ተቆርጧል፤ አንዱ መሐል፣ አንዱ ወደ ዳር።»

እናትየው ቁርጡን ልብ አላለችውም። እንጨቱን አይታ ፈገግ አለች።

«እሱን እኔና አባትሽ ጎትተነዋል።»

«እናንተ? በአንገታችሁ?»

«አንቺ ሳትወለጂ ነው፤ በሬዎቻችን በበሽታ ያለቁ ዓመት። አያትሽ ከኋላ ሲያርሱ እኛ ከፊት ስንጎትት። የመጀመሪያው ቀን ሞቼ ነበር፤ አንገቴ አብጦ ውሃ እንኳ አልወርድ አለኝ። በማግስቱ ግን ቀለለኝ። ለመድኩት ብዬ ስኩራራ! አባትሽ በላብ ተጠምቆ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ‹አንተ ደግሞ ወንድ ነኝ ትላለህ› እያልኩ ሳሾፍበት። እሱም ‹ጉልበትሽ ለጉድ ነው› ይለኝ ነበር። ለሰው ሁሉ እንዳወራልኝ ሞተ።»

በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ አናጢ፣ የሟቹ ባልንጀራ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እህቴ፣ እንግዲህ ቢቀየመኝም ይቀየመኝ። ሁለተኛውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን ከእርሻ እንደወጣችሁ ቀንበሩን ተሸክሞ መጣ።»

«ለምን ብሎ፣ ጋሼ?»

«‹ማሰሪያውን ወደ እኔ አስጠጋልኝ› አለኝ። ክብደቱ ማሰሪያው ወደተጠጋው ሰው ነው የሚሄደው። በአጭሩ በኩል እሱ፣ በረጅሙ በኩል አንቺ። ‹ካወቀች እሺ አትልም› ብሎ አስማለኝ። አሮጌውን ቁርጥ እንዳታዪው በጠፍር ጠቅልሎ የሸፈነውም እሱ ነው።»

ሴትዮዋ ቀንበሩን አየችው። ከዚያ ሳቀች።

«አንተ ሌባ! እኔ ደግሞ... እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ...»

ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ። እንባው ገንፍሎ መጣ። ልጅቷ ልትደግፋት ስትል፣ ከበረንዳው የመጣች ጎረቤት ክንዷን ያዘቻት።

«ተያት፤ ይውጣላት።»

ጋብ ሲልላት እናትየው መሬት ቁጭ ብላ ቀንበሩን ጭኗ ላይ አጋደመች። በጣቷ ዳበስ ዳበስ አድርጋ አጭሩን ወገን አገኘችው። የባሏ አንገት ያረፈበት ቦታ ተፍቆ ለስልሷል። እዚያው ላይ መዳፏን አሳርፋ፣ ደክሞት የገባ ሰው ትከሻ እንደሚታሽ፣ ቀስ እያለች ታሸው ጀመር።