አነስ ያለችው ቃል

ሞገስ ወደ ጭሮ ከተማ ከመጣ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ከመንዝ የተመደበ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለው አንድ ደብተር ነው። ደብተሩ ላይ ዘመድ የሚመስሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጽፈዋል። ሰኞና ሐሙስ ጠዋት በሰልፍ ላይ የሚኒ ሚዲያ ተማሪዎች አንዱን ጥንድ በድምፅ ማጉያ ያነቡታል። «ስሊም እና ስኪኒ። ሁለቱም ቀጭን ማለት ናቸው። በመጀመሪያው ሰው ደስ ይለዋል፣ በሁለተኛው ይቀየማል።» ተማሪው ይስቃል። ሞገስ አይስቅም፤ ቃል ሲመዘን መሳቅ አይወድም። እንግዲህ ቀጥሎ የሚነገረውን ነገር የሠራው ለቃል እንዲህ የሚጠነቀቀው ሰውዬ ነው።

ጓደኛ ከተባለ አንድ ነበረው፤ የባዮሎጂው መምህር ዘይኑዲን። ዘይኑዲን እሁድ እሁድ ወደ በደሳ ከተማ እናቱ ዘንድ ሲሄድ ሞገስንም ይዞት ይሄዳል። መናኸሪያው ውስጥ ተራ አስከባሪው «በደሳ አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረ!» እያለ ሲጮህ እነሱ ሁለት ናቸውና መኪናውን ያሳልፉታል፤ ሻይ ይዘው የሚቀጥለውን ይጠብቃሉ። እናትየው ሀሊማ ሞገስን «ኢልመኮ» ይሉታል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። የእነሱን ሥጋ እንደማይበላ ስለሚያውቁ ሹሮ ለብቻ ይሠሩለታል።

የቀሩት ስድስት ቀናት ለሞገስ እሁድን መጠበቂያ ናቸው። ማታ ከተከራየው ክፍል ገብቶ ሬዲዮ ይከፍታል፤ የሰው ድምፅ ይኑር ብሎ እንጂ የሚሉትን አይሰማም።

አምና ዘይኑዲን ውጭ አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ነጻ የትምህርት ዕድል አመለከተ። የድጋፍ ደብዳቤውን ርዕሰ መምህሩ እንደ ልማዳቸው ወደ ሞገስ ገፉት፤ በእንግሊዝኛ የሚጻፈውን ሁሉ እሱ ይጽፋል፣ እሳቸው ማኅተም ይመቱበታል። ሞገስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ስለ ጓደኛው ችሎታ «ኤክሰለንት» ብሎ ጻፈ። እውነት ነበር። ከዚያ ግን እሁድ ትዝ አለው። ቃሏን አጠፋና «አዲኩዌት» አለ። አዲኩዌት ስድብ አይደለም፤ ምንም አይጎድለውም፣ ምንም ግን አይተርፈውም። ደብዳቤውን ለሚያነቡት ፈረንጆች ግን «ይህን ሰው ተዉት» ማለት እንደሆነ ሞገስ አሳምሮ ያውቃል። ዘይኑዲን አነበበና ሙገሳ መስሎት «ከባድ ቃል ነው፣ አላህ ይስጥህ» አለው።

መልሱ በኅዳር መጣ፤ አልተቀበሉትም። «ኸይር ነው» አለ ዘይኑዲን፤ እንዲያውም የሚያጽናናው እሱ ነበር። ሞገስ የፈለገውን አገኘ። ግን ከዚያ ወዲህ ከጓደኛው አጠገብ ተቀምጦም ብቻውን ሆነ። የሀሊማ ሹሮ በጉሮሮው አልወርድ አለው። ሊነግረው አሥር ጊዜ አፉን ከፈተ፣ አሥር ጊዜ ስለ ዝናብ አወራ።

ዘንድሮ ዘይኑዲን ደግሞ መጣ።

«ቲቸር፣ ለዓርብ ነው። ያንኑ ደብዳቤ ቀኑን ብቻ ቀይረህ አትምልኝ።»

ቀኑን ብቻ። ከሞገስ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ደብዳቤውን ከፍቶ ብዙ ተቀመጠ። ፈራ። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ሌላ ጓደኛ ከየት እንደሚገኝ አያውቅም። በመጨረሻ አነስ ያለችውን ቃል አጠፋና መጀመሪያ የነበረችውን መለሳት። ሐሳቡን ሳይቀይር ብሎ እየሮጠ ማኅተም አስመታበት።

ዘይኑዲን መምህራን ማረፊያ ውስጥ ቆሞ አነበበው። ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ቀየርካት» አለ።

«ታውቅ ነበር?» አለ ሞገስ።

«በጥር ነው ያወቅኩት። አንተ ያን ሳምንት ታመህ ቀርተህ ነበር። አንዷ የሚኒ ሚዲያ ተማሪ በሰልፍ ላይ ከደብተርህ አነበበችው፤ አዲኩዌት እና ኤክሰለንት። አሁን ያንኑ አትምልኝ ያልኩህ ራስህ እንድትመርጥ ነው።»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ተናድጄ ነበር፣ ወላሂ። ልተውህም አስቤ ነበር።» ዘይኑዲን ደብዳቤውን ፖስታ ውስጥ ከተተው። «ግን ባኮርፍህ እሁድ የት ትሄዳለህ?»



ዘይኑዲን ዕድሉን አግኝቶ በመስከረም ሄደ። ሦስት እሁድ ሞገስ ከክፍሉ አልወጣም። በአራተኛው ሁለት ኪሎ ስኳር ገዝቶ መናኸሪያ ወረደ። ሀሊማ እንዴት እንደሚቀበሉት አያውቅም፤ ልጃቸው ነግሯቸው ይሆናል። አንድ ሚኒባስ ሊሞላ ደርሶ ተራ አስከባሪው በሩን ይዞ ይጮሃል።

«በደሳ አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረ!»

ሞገስ እንደ ልማዱ ወደ ሻይ ቤቱ ዞረ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ። ከዚያ እጁን አነሳ።

«አለሁ» አለ።