ሁለቴ የተነበበ ወረቀት

የወንዙ ዳር ሽማግሌዎች ፊደል አይቁጠሩ እንጂ ሞኞች አልነበሩም። ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን ከማሳረፋቸው በፊት ሁለት ጊዜ ያስነብባሉ፤ ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው በአንዲት ቃል ከተዛነፈ ብድግ ብለው ይሄዳሉ። ውሸታም የተናገረውን ይረሳል ባዮች ናቸው።

በፈረንጆቹ ኩባንያ የሚሠራውን አስተርጓሚ ይህን ልማድ ያስተማሩት ያሳደጉት አጎቱ ናቸው። ዛሬ ደግሞ ወረቀቱ የመጣው በእሳቸው መሬት ላይ ነው። መሬቱ ለዘለዓለም የኩባንያው ይሆናል፣ ሽማግሌውም ከቤታቸው ይነሣሉ ይላል። እሱ ግን "ለሁለት ዓመት ኪራይ ነው፣ ከዚያ ይመለስልዎታል" የሚል ሌላ ንባብ አዘጋጅቶ ሦስት ቀን ሙሉ ጓዳ ገብቶ አጠና። ሚስቱ "ከማን ጋር ነው የምታወራው?" ብትለው "ከሥራዬ ጋር" አላት። ጉድ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል። የኩባንያው ሹም ዋና ጸሐፊ አደርግሃለሁ ብሎታል። እኔ እምቢ ብል ሌላ አፍ አይጠፋም እያለ ራሱን አጽናና፤ ይህንንም አብሮ በቃሉ ያዘው።

በቀጠሮው ጠዋት አጎቱ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ቢሮ ገቡ። አስተርጓሚው ሹሙ አጠገብ ተቀምጦ አነበበላቸው።

"ድገመው" አሉ።

ደገመው። ጎረቤቶቹ ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አጎቱ ግን ዓይን ዓይኑን ሲያዩት ቆዩና ጎረቤቶቹ እንዳይሰሙ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አሉ።

"ልጅ ሆነህ ከገበያ ስትመለስ ምን አየህ እልህ ነበር። ስትደግመው አንዱን ትረሳለህ፣ አንዱን ትጨምራለህ። ያየኸውን ነበራ የምታወራው። ዛሬ ግን ትንፋሽ የወሰድክበት ቦታ እንኳ አልተለወጠም።"

"ጋሼ..."

"ተወው። ያሳደግሁት ልጅ ዋሸኝ ብዬ ሰው ፊት ከምቆም መሬቱ ይቅርብኝ።"

አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩ፣ ወረቀቱ ላይ አሳረፉ፣ እጃቸውን እንኳ ሳይጠርጉ ወጡ። ተከትሏቸው ሊሮጥ ፈለገ፤ ግን ከወንበሩ አልተነሣም።

ሹሙ ቀለሙ እንዲደርቅ ወረቀቱን እፍ እያለ፣ "ሽማግሌው በሹክሹክታ ምን አሉህ?" ብሎ ጠየቀው።

"አመሰገኑ፣ ጌታዬ።"

ይህቺኛዋን አላጠናትም ነበር።