አንድ ሰው የጎደለው ክፍለ ሀገር

የክፍለ ሀገራችን ሕዝብ ብዛት ዘጠና ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ነው ሲሉኝ መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ቀጥሎ ልቅሶ የቃጣኝም እኔው ነኝ። ሕጉ መቶ ሺህ ሰው ያልሞላ ክፍለ ሀገር ከጎረቤቱ ጋር ይዋሃዳል ይላል። እኔ ደግሞ የታችኛው ክፍለ ሀገር የስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነኝ፤ ከተዋሃድን ወንበሬም አብራ ትዋሃዳለች።

መዋሃዱስ ባልከፋ። ችግሩ የላይኛው ክፍለ ሀገር የስታቲስቲክስ ኃላፊ የሚስቴ እህት ባል መሆኑ ነው። ኪሱ ውስጥ የመለኪያ ሜትር ሳይዝ ከቤት ስለማይወጣ ቤተሰቡ በሙሉ «ሜትር» ነው የሚለው። አንድ ቀን ሊጠይቀን መጥቶ፣ ገና ሳይቀመጥ ሳሎኔን ለክቶ «ፕላኑ ላይ ካለው በአራት ሳንቲም ያንሳል» ያለኝ ሰው ነው። በእሱ ሥር ጸሐፊ ሆኜ ከምሠራ ወንዝ ሆኜ ብደርቅ እመርጣለሁ።

አንድ ሰው እኮ ነው የጎደለኝ! የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔን ግን እሱም አያድነኝም፣ ቆጠራው ከተዘጋ በኋላ የተወለደ አይታሰብማ።

የቀረችኝ ቀዳዳ አንዲት ብቻ ነበረች። ድንበር ላይ ያሉ ቤቶች እንደገና ይቆጠራሉ። በተወሰነው ቀን ልክ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በድንበር ቤት የተገኘ ሰው ሁሉ፣ ጭንቅላቱ ያረፈበት ክፍለ ሀገር ነዋሪ ተብሎ ይጻፋል፤ የቀድሞ ምዝገባውም ይሰረዛል። በእኛና በላይኛው መካከል ያለው የድንበር ቤት ደግሞ አንድ ነው፤ የአማታችን ቤት።

ካርታውን የሠራው ሰው፣ እጁ ይባረክና፣ ድንበሩን ያሰመረው በወፍራም ብዕር ነው። ወረቀቱ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር የሆነው ቀለም መሬት ላይ ሲወርድ ሃምሳ ሜትር ይሆናል። የአማቴ ቤት ከነጓሮው ቀለሙ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሏል። እኔና ሜትር ስንት ዓመት ተጨቃጭቀን በመጨረሻ በቀለሙ መሀል ይለፍ ተባባልንና፣ የቤታቸው ወለል ላይ በገዛ እጄ በቀለም አሰመርኩ። ሳሎኑ ለላይኛው፣ ማድ ቤቱ ለታችኛው ደረሰ። መስመሩ መኝታ ቤቱን ለሁለት ከፍሎ በአልጋው ወገብ ሥር ያልፋል፤ ራስጌው የላይኛው፣ ግርጌው የእኛ።

እንግዲህ ትራሱ ከራስጌ ወደ ግርጌ ቢዞር ክፍለ ሀገራችን ተረፈ ማለት ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። በዚያ ዓመት ቤታቸውን ስረግጥ ሁለተኛዬ ነበር። አማቴ ሹራብ እየሠሩ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? እንቅልፍ እንዴት ነው?»

ሹራባቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ባሌ ከሞተ ስምንት ዓመቱ። እስከ ዛሬ ስለ እንቅልፌ የጠየቀኝ የለም። ምን ፈልገህ ነው?»

«ትራስዎን ወደ ግርጌ ቢያዞሩልኝ ብዬ ነው።»

«ሜትር ደግሞ ትናንት መጥቶ ትራሱ ንቅንቅ እንዳይል ብሎ ለምኖኝ ሄደ። ጭንቅላቴ ውስጥ ወርቅ አለ እንዴ?»

ነገሩን ከስሩ አስረዳኋቸው።

«እና ስንት ሰው አለን ነው የምትለኝ?»

«ዘጠና ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ…»

«ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ የሚል አንድ ሰው ጠፋ?»

አፈርኩ። እውነቱን ለመናገር ያፈርኩት ለአንድ ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ ወደ ትራሱ ተመለስኩ።

«እሺ፣ አዞርልሃለሁ» አሉኝ። «ግን ስገላበጥ ነው የማድረው፤ ሲነጋ ተመልሼ ዞሬ ብገኝስ? ጠባቂ ያስፈልገኛል። ዋዜማውን መጥተህ እደር፤ ሶፋው ላይ አነጥፍልሃለሁ።»

በዋዜማው ስደርስ ሜትር ቀድሞኝ ማድ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ለካ እሱንም ጠባቂ ያስፈልገኛል ብለውታል፤ ማድ ቤት ያለው አግዳሚ ላይ አንጥፈውለታል። ሦስታችንም እራት በላን። ሜትር የሰሃኑን ዙሪያ ለካ፣ እኔ ሰደብኩት፣ እማማ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ከሠርጌ ወዲህ አይቼ አላውቅም።

ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣችው ተቆጣጣሪ በሩን በርግዳ ገባች።

«ማንም ከተኛበት እንዳይነሳ!»

መዝገቧን ይዛ መኝታ ቤት ገባች። እኔ ሶፋው ላይ እንደተኛሁ ጆሮዬን አቆምኩ።

«አንድ፣ የቤቱ ባለቤት። ራሳቸው ከመስመሩ በታች። ታችኛው ክፍለ ሀገር!»

ከነብርድ ልብሴ እልል አልኩ።

«ሁለት፣ ሳሎን ውስጥ እልል የሚለው ሰውዬ። ላይኛው ክፍለ ሀገር።»

«ኧረ እኔ የታችኛው ኃላፊ ነኝ!»

«ራስዎ የት ነው ያለው?»

ራሴን ዳሰስኩት። ሶፋው ላይ ነው። እማማን አስገብቼ ራሴን አስወጣሁ፤ እንደገና ዘጠና ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው። የሚወርሰኝ ሰው ደግሞ ማድ ቤት ሆኖ በሳቅ ይፈርሳል።

«ሦስት» አለች ተቆጣጣሪዋ፣ «ማድ ቤት ውስጥ የሚስቀው። ታችኛው ክፍለ ሀገር።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሜትሩ ሲተረተር ሰማሁ። ለካ፤ ደግሞ ለካ። «ከመስመሩ ሁለት ሜትር ከሰማንያ በታች» አለ በቀጭን ድምፅ። ጠላቴ ቢሆንም በልኬት አይዋሽም።

መቶ ሺህ! ከሶፋው ዘልዬ ሄጄ መቶ ሺህኛውን ነዋሪዬን አንገቱን አንቄ ሳምኩት። «ልቀቀኝ፣ አንተ የውጭ ሰው!» እያለ ይታገለኛል። እማማ ግን አልጋቸው ላይ ቁጭ እንዳሉ ተቆጣጣሪዋን ጠሯት።

«ልጄ፣ የክፍለ ሀገሩን ተይው። የእኔን ቤት ብቻ አንብቢልኝ።»

«በቤቱ የተገኘ ሰው ብዛት፣ ሦስት።»

«ድሮ ስንት ይል ነበር?»

ገጹን ገለጠች። «አንድ።»

«እስቲ የአሁኑን ድገሚልኝ።»

«ሦስት።»

እማማ ትራሳቸውን እቅፍ አደረጉ። አንጀቴን በሉት። ሜትርም ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ፣ ቅዳሜ ስንት ሰዓት ብንመጣ ይመችዎታል?»

ቀድሞኝ ነው እንጂ እኔም ልለው ነበር።