ከጎባ በእግሩ የመጣው ቅርጫት

ወላሂ፣ ይሄ ታሪክ አንድም ውሸት የለበትም።

የሮቤ ማዘጋጃ ቤት የቆሻሻ ቅርጫት የሚያቀርብለት ፈልጎ ጨረታ አወጣ። ጎባ ያለችው ዙቤዳና የሴቶች ማኅበሯ ከቀርቀሃ ጉድ የሚያሰኝ ቅርጫት ሠሩ። የጨረታውን ወረቀት የጥቃቅንና አነስተኛ ቢሮው ይርጋለም አሟላላቸው።

"አዴ ዙቤዳ፣ የጨረታ ኮሚቴው ሰብሳቢ ቀርቀሃ አይበረክትም ባይ ናቸው" አላት። "ናሙናው ጨረታው ሳይከፈት ካልደረሰ ደግሞ ከነጭራሹ ወጥታችኋል።"

በጨረታው ቀን ዙቤዳ ቅርጫቱን ሚኒባስ ላይ አስጫነች። ረዳቱ በአንዲት ቀጭን ሲባጎ አሰረና "አያስቡ፣ የት ይሄዳል!" አለ።

ቁልቁለቱ ላይ ሲባጎው ተበጠሰ። ቅርጫቱ ዱብ ብሎ ወርዶ፣ እየተንከባለለ ሚኒባሱን ቀደመው።

"ያዘው እንጂ! ማኅበራችን እኮ ነው የሚሄደው!" ብላ ጮኸች ዙቤዳ።

"አራተኛ ማርሽ ላይ ነኝ፣ ምን ላድርግ!" አለ ሾፌሩ።

ሮቤ ሲደርሱ ቅርጫቱ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሰብሳቢው ወጥተው ገለባበጡት። አንድ ስንጥር እንኳ አልወለቀም።

"በምን መጣ?" አሉ።

"ከጎባ፣ በእግሩ!" አለች ዙቤዳ፣ ከሚኒባሱ ዘላ ወርዳ እያለከለከች።

ሥራው ለሴቶቹ ተሰጠ።

እሺ፣ አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ፦ ሾፌሩ የነበረው ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነው።