ጾም የማያስገድፍ ዱቄት

ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ ቁርስ ቤት አለኝ። ፉል፣ እንቁላል፣ ጨጨብሳ፣ በጾም ደግሞ የሽሮ ፍርፍር እሸጣለሁ። ተቆጣጣሪዎች በመጡ ቁጥር ድስቴን ከፍተው ያያሉ፣ ጥፍሬን ያያሉ፣ የጤና ምርመራ ወረቀቴን ይጠይቃሉ። አንድ ጊዜ አስተናጋጇን ፀጉሯን ሳትሸፍን አገኟትና ቤቴን አሸጉብኝ። ተናደድኩ፤ ግን ልክ ናቸው። ሰው አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር የሚሸጥ መጠየቅ አለበት። እኔን ያንገበገበኝ እሌኒን የሚጠይቃት ሰው መጥፋቱ ነው።

እሌኒ የእናቴ የክርስትና ልጅ ናት። አብረን ነው ያደግነው፤ እናቴ ለእኔ ቀሚስ ከገዛች ለእሷም ትገዛ ነበር። ስታወራ አፏ ማር ነው። አሁን ከባሕር ዳር በጣሳ የታሸገ አረንጓዴ ዱቄት እያመጣች ትሸጣለች። ጣሳው ላይ የተጻፈውን እሷም አታነበውም፣ እኛም አናነበውም። ለስኳር እሱ፣ ለደም ግፊት እሱ፣ ለወገብ እሱ፣ መውለድ ላቃታትም እሱ ነው።

እናቴ ዓለሚቱ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ኪኒኗን ጠዋትና ማታ ትውጣለች። ጾም ሲሆን ግን በማለዳ አንዳች ነገር አፏ ማስገባት ይከብዳታል። የንስሐ አባቷ አባ ማሩ ናቸው የገላገሏት። "መድኃኒት ጾም አያስገድፍም፤ ሐኪም ያዘዘልሽን በጠዋት ዋጪ" ብለው ፈቀዱላት።

ሁዳዴ ሲገባ እሌኒ ይቺኑ ቃል ይዛ መጣች። "እማማ፣ ይሄም መድኃኒት ነው። አባ ፈቅደውልዎት የለ? ማለዳ በሞቀ ውሃ በጥብጠው ይጠጡት። ያን ኪኒን ይተዉት፤ ይሄ በሽታውን ከሥሩ ነው የሚነቅለው።" እናቴ ኪኒኗን ተወች። ለእኔ ትንፍሽ አላለችም።

በጾሙ አጋማሽ ጓሮ ወድቃ አገኘኋት። ሐኪሙ "ስኳሯ ጣራ ነክቷል፤ ትንሽ ብትዘገዩ አትደርሱላትም ነበር" አለኝ። ከሆስፒታል ወጥታ ሳምንት ሳይሞላ ትራሷ ሥር አዲስ ጣሳ አገኘሁ።

"እማዬ፣ ይሄ ነገር ሊገድልሽ እኮ ነው!"

"አንቺ ቀንተሽባት ነው" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ይመለከተዋል የተባለ ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለኝ ሰውዬ ትሑት ነው፤ ወንበር ሳበልኝ። "እኅቴ፣ ይሄ ዱቄት አገር ውስጥ የሚገባው በምግብነት ነው። መድኃኒት ቢሆን ኖሮ እንጠይቃት ነበር" አለኝ።

"ምግብ ከሆነማ እንደ እኔ ድስቷን ክፈቱባት!"

"እሱ ደግሞ ሌላ ቢሮ ነው።"

ሌላው ቢሮ መልሶ ወደ መጀመሪያው ላከኝ። ደሜ ፈላ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ዱቄቱ በሁለት ቢሮ መካከል ሾልኮ ሲያልፍ ቆመው ያያሉ እንጂ። እናንተ ካልጠየቃችኋት እኔ እጠይቃታለሁ ብዬ ወጣሁ።

የማርያም ማኅበር ተራው የእናቴ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባ ማሩ ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ። ሴቶቹ ጨዋታ ሲጀምሩ እሌኒ ከቦርሳዋ ጣሳ በጣሳ ላይ ታወጣ ጀመር። ተነሥቼ መሀል ቤት ቆምኩ።

"አባ ይፍቀዱልኝ፤ አንድ ጥያቄ አለኝ። እሌኒ፣ ይሄ ዱቄት ምግብ ነው ወይስ መድኃኒት?"

ሳቀች። "ሁለቱም ነዋ!"

"ሁለቱም ብሎ ነገር የለም። መድኃኒት ከሆነ የምትሸጪበትን ፈቃድ አሳዪን። ምግብ ከሆነ ደግሞ እነዚህ እናቶች ሁዳዴን ማለዳ ማለዳ ሲበሉ ነው የከረሙት፤ ያስገደፍሻቸውም አንቺ ነሽ። አንዱን ምረጪ።"

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴዋ እትዬ ዘነበች የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። "እኔም ማለዳ ነው የምጠጣው" አሉ።

እሌኒ ፊቷ ቀላ። "አንቺ ማን ሆነሽ ነው እኔን የምትመረምሪኝ? ፉል ሻጭ!"

"አዎ፣ ፉል ሻጭ ነኝ። ፉሌን ግን ይመረምሩታል። የአንቺን የሚመረምር ስለጠፋ ነው እኔ የተነሣሁት።"

"መልሺ እንጂ ልጄ" አሉ አባ ማሩ። "እኔ የፈቀድኩት ሐኪም ያዘዘውን ነው። ይሄንን ማን አዘዘው?"

እሌኒ ወደ በሩ አየች፣ ወደ እኔ አየች። መድኃኒት ብትል መንግሥት አለ፣ ምግብ ብትል እግዚአብሔር አለ። "ምግብ ነው" አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ።

ቤቱ ተተራመሰ። አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ "ንስሐ ስጡኝ አባ" ትላለች፣ አንዷ እሌኒን ትራገማለች። እኔ እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኛል። እጇን ይዤ ከቤት ላስወጣት ሁሉ ፈልጌ ነበር።

"አትጩኹባት" አለች እናቴ። ሁሉም ዞረው አዩዋት። "እኔ ዐውቄ ነው የጠጣሁት። ይጣፍጠኝ ነበር። እህል መሆኑን ምላሴ ነግሮኛል። ግን ሐኪሙ 'ይሄን ኪኒን ዕድሜ ልክሽን ትውጪዋለሽ' አለኝ። እሷ ደግሞ 'ይድናሉ' አለችኝ። እናንተ ብትሆኑ ማንን ትሰማላችሁ?"

ያ ሁሉ ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። አንድ የሚያጽናና ውሸት ብነግራት ታምነኝ ነበር። ግን እዚህ ያደረሳት እሱው አይደል?

"አትድኚም፣ እማዬ" አልኳት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። "ኪኒንሽን ከዋጥሽ ግን ትኖሪልኛለሽ።"

እናቴ እጇን ዘረጋች። "አምጪው እንግዲህ" አለች። አመጣሁላት፤ እያለቀሰች ዋጠችው።

እሌኒ ነጠላዋን ተከናንባ ሹልክ ልትል ስትል እናቴ ጠራቻት።

"ጣሳሽን ይዘሽ ሂጂ። ሁለተኛ ስትመጪ ባዶ እጅሽን ነዪ፤ ልጄ ነሽ።"